ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ቤተሰብ ዳር ሰፈር ሲመርጥ ምን ማየት አለበት?

ጥያቄው፦ «ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ልንዛወር ነው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ባለቤቴ ደግሞ መገናኛ እንሠራለን። የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። መሀል ከተማ ኪራዩ ስለማይቀመስ ዳር ላይ ለመከራየት አስበናል። አያት፣ ሰሚት፣ ጀሞ፣ ለቡ፣ ቱሉ ዲምቱ እያሉ ሁሉም የየራሱን ይነግረናል። ሌባ የማይበዛበት፣ ልጆቼ ሳይሳቀቁ የሚያድጉበት ሰፈር የትኛው ነው? ገንዘብ ከመክፈላችን በፊትስ ምን እናጣራ?»

ምላሽ፦

የሰፈር ስም ሰምቶ «ሰላም ነው» ወይም «ሌባ ይበዛበታል» ማለት ለእርስዎ ብዙ አይጠቅምም። አያት ሲባል የቆየ ቪላ፣ ኮንዶሚኒየም፣ በግንባታ ላይ ያለ አፓርትመንትና አስፋልት ያልደረሰው መንደር በአንድ ስም ይጠራሉ። ጀሞም እንደዚያው ነው፤ የጀሞ 1 እና የጀሞ 3 ኑሮ ይለያያል። ሰውን የሚያስዘርፈውና ልጅን ለአደጋ የሚያጋልጠው አብዛኛውን ጊዜ በጣም ጠባብ ቦታ ነው። ከታክሲ መውረጃ እስከ በርዎ ያለው መንገድ፣ የሕንፃው ደረጃ፣ የግቢው አጥር፣ ከጓሮ የሚያልፈው ወንዝ። ስለዚህ መጀመሪያ የትራንስፖርት መስመር ይምረጡ፣ ቀጥሎ ያንን መንገድ በእግርዎ ይሂዱበት፣ ቤቱን መጨረሻ ላይ ይዩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ደላላ ቤት ያሳየዋል፣ ሴራሚኩና ቁም ሳጥኑ ደስ ይለዋል፣ ቀብድ ይከፍላል፤ መንገዱን የሚያውቀው ዕቃውን ካስገባ በኋላ ነው።

ከመስመሩ እንጀምር። ሜክሲኮንና መገናኛን በአንድ ቀጥታ መንገድ የሚያገናኘው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር ነው። ከ2008 ጀምሮ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ እያለፈ ያገለግላል። በባቡሩ ብቻ ግን አይተማመኑ። ጠዋትና ማታ ይታጨቃል፣ ኪስ አውላቂም የሚጠብቀው ያንን መታጨቅ ነው። የዚህ መስመር ትልቁ ጥቅም በዚያው አስፋልት ላይ ታክሲም፣ የከተማ አውቶቡስም፣ ሃይገርም መኖሩ ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይገኛል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ባለው ጊዜ ነው። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል የወጣ ሰው ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ከቆመ፣ ወደ ቤት የሚያደርሰውን የእግር መንገድ በጨለማ ይሄዳል ማለት ነው። አማራጭ የበዛበት መስመር በጨለማ የሚሄዱበትን ጊዜ ያሳጥርልዎታል።

ስለዚህ ለእናንተ ቤተሰብ የመጀመሪያው የፍለጋ ቦታ ከጉርድ ሾላ ጀምሮ በሲኤምሲ አድርጎ እስከ አያት ያለው ነው፤ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በእግር ከ10 ደቂቃ በማይርቅ ክልል። ሰሚት ሁለተኛ ነው። ለባለቤትዎ ጥሩ ነው፤ እርስዎ ግን መገናኛ ላይ ወርደው ሌላ ትራንስፖርት መያዝ አለብዎት፣ በምሽት ሰልፍ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጀሞና ለቡ በሳር ቤትና በመካኒሳ በኩል ለሜክሲኮ ይቀርባሉ። ይህን የሚመርጡት ልጆቹን ማታ ቀድመው የሚያገኙት እርስዎ ከሆኑ ነው፤ ባለቤትዎ ከተማውን ማቋረጥ ይኖርባቸዋል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ መሀል ከተማ ላይ ለአንድ ስቱዲዮ በሚከፈለው ኪራይ ባለ ሁለት መኝታ ሊያስገኙ ይችላሉ። ሁለቱም ወላጆች መሀል ከተማ ለሚሠሩበት፣ ቤት የሚውል ትልቅ ሰው ለሌለበት ቤተሰብ ግን አልመክራቸውም። ሰዎቹም ሰፈሮቹም መጥፎ ሆነው አይደለም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከተመለሱ በኋላ ያለ ወላጅ የሚቆዩበት ሰዓት ይረዝማል፤ ለ7 ዓመት ልጅ ከሌባ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው። አያት ወይም አክስት አብራችሁ ካሉ ስሌቱ ይለወጣል፤ ያኔ ሰፊ ቤትና ሜዳ ያለበት ዳር ሰፈር ሊሻል ይችላል።

ወደ ሰፈሩ የሚያስገባና የሚያስወጣ አስፋልት ስንት እንደሆነም ይቁጠሩ። አንድ ብቻ ከሆነ አንድ የተገለበጠ ሲኖ፣ አንድ የተቆፈረ ቱቦ ወይም በሆነ ምክንያት የተዘጋ መንገድ ሰፈሩን ከከተማው ይቆርጠዋል። አምቡላንስና እሳት አደጋም የሚመጡት በዚያው ነው።

በከተማው ወሰን ላይ ላሉ ሰፈሮች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ቤቱ የሚተዳደረው በአዲስ አበባ ነው ወይስ ከ2015 ጀምሮ በዙሪያው በተዋቀረው ሸገር ከተማ? ሁለት ጎረቤታሞች በሁለት አስተዳደር ሊሆኑ ይችላሉ። መታወቂያ የሚያወጡበት፣ ውል የሚያስመዘግቡበት፣ ችግር ሲገጥም የሚደውሉበት ፖሊስ፣ ልጆቹ የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ቋንቋ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ደላላው «ያው አዲስ አበባ ነው» ቢልዎትም ከአከራዩ መታወቂያና ከቤቱ ካርታ ላይ ክፍለ ከተማውንና ወረዳውን ያንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ እግር መንገዱ።

አንድ ቤት ልብዎን ከሳበው ሦስት ጊዜ ይሂዱበት። አንዱ በሥራ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሥራ ቦታዎ ተነስተው በትራንስፖርት፤ አንዱ እሑድ ከሰዓት፤ አንዱ ከከባድ ዝናብ በኋላ። ከሐዋሳ መመላለስ ካልቻሉ የምሽቱን አይዝለሉ፤ አንድ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ይወክሉ። ሐዋሳ ላይ ባጃጅ በር ድረስ ያደርሳል፤ እዚህ ባጃጅ የሚሠራው በተፈቀደለት የውስጥ መንገድና ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ መውረጃው ላይ «እስከ ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ?» ብለው ሾፌሮቹን ይጠይቁ።

በእግር ሲሄዱ የሚያዩት መብራት ከየት እንደሚመጣ ያስተውሉ። ከመንገድ ምሰሶ ነው ወይስ ከሱቅ? የሱቅ መብራት ሱቁ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደምቆ ያዩት መንገድ 3 ሰዓት ላይ ድቅድቅ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በሮችን ይቁጠሩ። በሁለቱም በኩል በር፣ መስኮት፣ ሱቅ፣ ጀበና ቡና ያለበት መንገድ ቢጮሁ ሰው የሚወጣበት ነው። አስጊው 100 ሜትርና ከዚያ በላይ አንድም በር የሌለው፣ በአንድ በኩል የግንባታ ቆርቆሮ በሌላው የፋብሪካ ወይም የሪል እስቴት ረጅም ግንብ ያለበት መንገድ ነው። ቆርቆሮው ከእግረኛ መንገዱ ላይ ከታጠረና ሰው አስፋልት ላይ ወርዶ እንዲሄድ ካስገደደ አደጋው እጥፍ ነው፤ ስልክ ነጣቂውም መኪናውም እዚያ ያገኙዎታል። ክፍት ቦታ፣ የባህር ዛፍ ጥግ፣ ቆሞ የቀረ ሕንፃ፣ የድልድይ ሥር ካለ ዙሮ የሚሄድ ሌላ መንገድ መኖሩን ያጣሩ።

«ሰፈሩ ሰላም ነው?» ብለው አይጠይቁ። ሁሉም «ሰላም ነው፣ ምን አለ!» ነው የሚልዎት፤ ሰው ሰፈሩን ለእንግዳ አያማም። የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቁ። ባለሱቁን «ማታ ስንት ሰዓት ትዘጋለህ? ለምን ያኔ?»፣ ቡና የምታፈላዋን «ልብስ ውጭ ያድራል?»፣ መኪና ያለውን «ስፖኪዮ ተነቅሎ ያውቃል? መኪና የት ታሳድራላችሁ?»፣ ከሥራ የሚመለሱ ሴቶችን «ከመውረጃው ብቻሽን ትሄጃለሽ ወይስ ሰው ይቀበልሻል?»። የመጨረሻው መልስ ከሁሉም በላይ ይናገራል። ሦስት ሴቶች ወንድም ወይም ባል ወጥቶ እንደሚቀበላቸው ከነገሩዎት ሰፈሩ ራሱ መልሱን ሰጥቶዎታል።

አዳዲስ ኮንዶሚኒየሞችና የሪል እስቴት መንደሮች ላይ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ቆመው መብራት የበራባቸውን መስኮቶች ይቁጠሩ። ከግማሽ በታች ከሆነ ሕንፃው ገና ሰው አልገባበትም። ባዶ ቤት የሚሰበርበት፣ ገመድና ቧንቧ የሚሰረቅበት፣ በደረጃው ላይ የማን እንግዳ እንደሚወጣ የማይታወቅበት ጊዜ ነው። ከጎን ያልተጠናቀቀ ፎቅ ካለ ከእርስዎ በረንዳ ያለውን ርቀት ይዩ፤ የግንባታው እንጨት ለሌባ መሰላል ነው።

ውሻና ጅብ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም፤ ዳር ሰፈር ላይ ግን የምር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ወይም ሰርቪስ ለመያዝ ለሚወጣ ሰው ባለቤት የሌላቸው ውሾች መንጋ ቀዳሚው ስጋት ሊሆን ይችላል። በተለይ ቆሻሻ መጣያ ገንዳና ሉካንዳ አጠገብ ይሰበሰባሉ። ልጅ ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳያድሩ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ምልክት እስኪታይ መጠበቅ አይቻልም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ይገድላል።

ለልጆች የሰፈር አደጋ ብዬ የማስቀድመው መኪናን ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የቤቱና የትምህርት ቤቱ መሀል ቀለበት መንገድ ወይም ሰፊ አስፋልት ካለ፣ ቤቱ የፈለገውን ያህል ቢያምር ሌላ ይፈልጉ። ካልሆነም ሰርቪስ በር ድረስ የሚመጣበት መሆኑን አረጋግጠው ወጪውን ከኪራዩ ጋር ደምረው ያስሉ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ከልጆቹ ጋር በጠዋቱ የመግቢያ ሰዓት ይሂዱበት፤ ዜብራ ላይ መኪና ይቆማል ወይስ ልጆች ሮጠው ያልፋሉ? ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል፣ ለመሠረት ተቆፍሮ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ፣ ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ ካባ በዙሪያው ካለ ልብ ይበሉ። በክረምት እንዲህ ያለ ጉድጓድ ኩሬ ይመስላል፣ ልጆች ለዋና ይገቡበታል፣ ጥልቀቱን ማንም አያውቅም። በየዓመቱ ልጆች የሚሞቱበት አደጋ ነው።

ውሃው በጎርፍ መልክም ይመጣል። የአዲስ አበባ ወንዞች በጋ ላይ ቀጭን ፍሳሽ ናቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን እንጦጦ ላይ የዘነበው ከሰዓታት ባነሰ ጊዜ ታች ይደርሳል። በነሐሴ 2013 በከተማዋ የደረሰው ጎርፍ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ቤቱን በጋ ላይ ካዩት ግድግዳውን ያንብቡ። ከወለል ከፍ ብሎ በአንድ ልክ የሚሄድ የጭቃ ወይም የእርጥበት መስመር፣ የግቢ በር ላይ በሲሚንቶ የተሠራ እርከን፣ በጆንያ የተሞላ አሸዋ፣ ከታች ተልጦ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ግድግዳ ካዩ ውሃ ገብቶ ነበር። ከወንዝ ያለውን ርቀት ብቻ ሳይሆን ከፍታውን ይዩ። አፋፉ ላይ ቆመው የቤቱ ወለል ከእርስዎ ቁመት በላይ ከፍ የሚል ካልሆነ ይተዉት። ተዳፋት ሥር ያለ ቤት ከላዩ ምን እንዳለ ማየት ይገባል፤ የተደለደለ አፈርና የቆሻሻ ክምር ዝናብ ሲጠጣ ይናዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ላይ የተናደው የቆሻሻ ክምር ከ110 በላይ ሰዎችን የገደለው ሥሩ ተጠግተው የሚኖሩ ስለነበሩ ነው።

መንገዱ ካለፈ ወደ ቤቱ ይግቡ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ እኔ የምመርጠው አንደኛና ሁለተኛ ፎቅን ነው። ምድር ቤት ላይ መስኮቱ ለእጅ ይቀርባል፤ የፍሳሽ መስመሩ ሲዘጋ የላይኛው ፎቅ ሁሉ ፍሳሽ የሚገነፍለው በምድር ቤቱ ሽንት ቤት ነው። ከሕንፃው ጀርባ ዞረው ማንሆሎቹን ይዩ፤ ዙሪያቸው ጥቁር እርጥበት ካለ ወይም ክዳናቸው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ መስመሩ በተደጋጋሚ ይሞላል። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ውሃ በቀን ጉልበት አይኖረውም፤ ሰው ሌሊት ተነስቶ ይቀዳል ወይም ዳይናሞ ይጠቀማል። ውሃው በፈረቃ ስንት ቀን እንደሚመጣ የሌላ ፎቅ ሳይሆን የእርስዎን ፎቅ ነዋሪ ይጠይቁ። አራት ሰው በቁጠባ በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢጠቀም በቀን 200 ሊትር ነው፤ 1,000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ያቆያችኋል። ሮቶው የት እንደተቀመጠም ይዩ፦ ሙሉ ሲሆን ውሃው ብቻ 10 ኩንታል ይመዝናል። ለሰው መቆሚያ የተሠራ በረንዳ ይህን ጭነት እንዲሸከም አልተሰላም። በረንዳው ሥር ስንጥቅ ካዩ ከሥሩ ልጅ አያጫውቱ፤ ቤቱንም አይከራዩ።

የበረንዳና የደረጃ ድጋፍ ከእምብርትዎ በታች ከሆነ አጭር ነው፤ ቢያንስ አንድ ሜትር መሆን አለበት። ብረቱ አግድም የተበየደ ከሆነ ልጅ እንደ መሰላል ይወጣበታል፤ ቁም የተበየደ ይሻላል፣ በብረቶቹ መሀል ያለውም ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የመስኮት ፍርግርግ ሌባ ይከለክላል፤ ሁሉም መስኮት ተዘግቶ ከተበየደ ግን እሳት ሲነሳ እናንተንም ያግታል። አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ በቁልፍ የሚከፈት እንዲሆን ይስማሙ፣ ቁልፉም ልጆቹ ሊያወርዱት በሚችሉበት ቦታ ይሰቀል። የበሩን ሲሊንደር በገቡበት ቀን በራስዎ ወጪ ይቀይሩ። ከእርስዎ በፊት የነበረው ተከራይ፣ የእሱ ሠራተኛ፣ ደላላውና ቀለም ቀቢው ሁሉ የቁልፉ ቅጂ ሊኖራቸው ይችላል።

ኤሌክትሪኩን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው፤ እኔ ግን በተለይ የግቢ ቤት ለሚከራይ ሰው አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፒር ማለት ነው። በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት አባወራ በሚጠቀምበት ግቢ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ምጣድ አብሮ ሲጣድ መስመሩ ይግላል። ብሬከሩ በጠፋ ቁጥር የተማረረ ሰው ትልቅ ብሬከር ይገጥምበታል ወይም በሽቦ ያስረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ብሬከሩ አይጠፋም፣ የሚቃጠለው ገመዱ ነው። የቆጣሪ ሳጥኑን ያስከፍቱ። የታሰረ ሽቦ፣ የጠቆረ ሶኬት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ባለሙያ አይቶ ሳያስተካክል አይግቡ። የራሱ ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት ትንሽ ቢወደድም ይመረጣል፤ በሒሳብ ከመጨቃጨቅም ያድናል። መብራት ሲጠፋ ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ማብሰያው መስኮት ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከሰል ለኩሶ ቤት ዘግቶ መተኛት በእንቅልፍ ይገድላል።

ጥበቃን በተመለከተ «ጥበቃ አለ» በሚለው አይርኩ። ለስንት ብሎክ ስንት ሰው ሌሊት እንደሚያድር፣ ደመወዛቸውን ማን እንደሚከፍል፣ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጠይቁ። ደመወዙ በወቅቱ የማይከፈለው ጥበቃ ቀን ሌላ ሥራ ይሠራና ሌሊት ይተኛል፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ቀላሉ መፈተኛ በምሽቱ ጉብኝትዎ ወቅት ነው፦ ሲገቡ «ወዴት ነው? ማንን ፈልገው ነው?» ያለዎት ሰው አለ? ካለ፣ ያ ግቢ ይጠበቃል። የጋራ ሕንፃ ማኅበሩ የሚሠራ ከሆነ የደረጃው አምፖል በርቶ ያገኙታል፣ ቆሻሻው ተነስቷል፣ ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈሉ ዝርዝር በር ላይ ተለጥፏል። እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው ገንዘብ ማዋጣት ከቻሉ ሌባም ሲመጣ አብረው ይወጣሉ።

ገንዘብና ውል ላይ ጠንቀቅ ይበሉ፤ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሰው ቸኳይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በቴሌግራም ፎቶ ልኮ «ሰው እንዳይቀድምዎ ቀብዱን በቴሌብር ይላኩ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ቤቱን ቆመው ሳያዩ ሳንቲም አይላኩ። አንድን ቤት ለአምስት ሰው የሚያከራዩ አሉ። የአከራዩ መታወቂያ ላይ ያለው ስም ከካርታው ጋር አንድ መሆን አለበት። ወኪል ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ያሳይዎ፣ ውክልናውም ማከራየትና ኪራይ መቀበልን በግልጽ የሚጠቅስ ይሁን። ካርታ የሌለው ጨረቃ ቤት ርካሽ ነው፤ ቢፈርስ ግን ተከራይ የሚጠይቀው ካሳ የለውም። ካርታ ያለውም ቢሆን ከ2016 ጀምሮ እየተሠራ ባለው የኮሪደር ልማት ወይም በመንገድ ማስፋፊያ ውስጥ ይገባ እንደሆነ በወረዳው ይጠይቁ፤ ግድግዳ ወይም አጥር ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥርና ምልክት ካለ ምንነቱን ሳያውቁ አይፈርሙ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለእርስዎ ጋሻ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ከጠየቀ ሕጉን ጠቅሰው ይከራከሩ። «ለግብር እንዲቀለኝ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ካለም እምቢ ይበሉ። ነገር ሲመጣ ሕግ የሚያውቀው የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ የቀረውን ገንዘብ መክፈልዎን ማስረዳት አይችሉም። የደላላውን ክፍያ ደግሞ ቤት ከማየትዎ በፊት ይቁረጡ፤ ለማሳየት ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ዕቃ የሚጫንበት ቀን የራሱ ፈተና አለው። በብዙ ኮንዶሚኒየም በር ላይ የተደራጁ ጫኝና አውራጆች አሉ፤ አይሱዙው ከቆመ በኋላ ዋጋ የሚነገረው ሰው በተለይ ከክፍለ ሀገር መምጣቱ ከታወቀ በጣም ይጋነንበታል። አንድ ቀን ቀድሞ የብሎኩ ኮሚቴ ባለበት ዕቃውን በዝርዝር ተናግሮ፣ ፎቁን ጠቅሶ ዋጋ መቁረጥና ስማቸውን መያዝ ይሻላል። ከተቻለ ጠዋት ይድረሱ፤ በምሽት የሚወርድ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ መንደሩ በሙሉ ያየዋል።

ከሐዋሳ ከመነሳታችሁ በፊት ከቀበሌያችሁ መሸኛ ማውጣት አትርሱ። ያለ እሱ በአዲሱ ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ አይሰጥም፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ልጅ ማስመዝገቡም ሌላውም ጉዳይ ይጓተታል። አከራዩ እናንተን በተከራይነት ለወረዳው እንዲያስመዘግብ ይጠይቁ። በገቡበት ሳምንት የሰፈሩን እድር ሰብሳቢ ያግኙና ይመዝገቡ፤ እድር ለሐዘን ቀን ብቻ አይደለም፣ በአንድ ወር ውስጥ ሠላሳ አርባ ቤተሰብ ልጆችዎን በመልክ ያውቃቸዋል። በሩ ጀርባ ላይ በትልቁ ጽፈው የሚለጥፏቸው ቁጥሮች፦ ፖሊስ 991፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ከነሱ ሥር የቅርቡን ፖሊስ ጣቢያ ቀጥታ ስልክ፣ የጥበቃውንና የአንድ ጎረቤት ቁጥር ይጨምሩ። የቤቱንም አድራሻ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ሳይት፣ ብሎክና የቤት ቁጥር አድርገው ይጻፉት፤ የ11 ዓመት ልጅዎ ደውሎ ይህንን አንብቦ መናገር ይችላል።